ከፋብሪካው በፊት፣ በፍሬው ውስጥ

አኩሪ አተር በዓለም ላይ ከሚመረቱት የቅባት እህሎች ሁሉ በምርት ብዛት ቀዳሚው ሲሆን፣ ከደረቀ ፍሬው ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን፣ 20 በመቶ ያህሉ ደግሞ ዘይት ነው። ይህ ዘይት ለረጅም ዘመን ሲሸጥና ሲገዛ የኖረው በመጠኑ እንጂ በጠባዩ አልነበረም፤ ገበሬው ፍሬውን በክብደት አስረክቦ ይሄዳል፣ ጨማቂው ዘይቱን ከፋጉሎው ይለያል፣ ዘይቱ ቶሎ የሚበላሽ ወይም ጠረኑ የማያምር ሆኖ ሲገኝም ጉድለቱን የማረም ሥራ ለፋብሪካው ይተዋል። ፋብሪካው ይጠቀምበት የነበረው የእርማት መንገድ የብዙ ሰዎችን ልብ የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ፣ እርማቱ ከፋብሪካው ወጥቶ ወደ ፍሬው ውስጥ እንዲገባ ያደረጉት የሰብል ዝርያ አዳቃዮች ናቸው። ሥራው በአብዛኛው የተከናወነው በአሜሪካ፣ በተለይም በአዮዋና በሚዙሪ ግዛቶች ነው። ነገሩ ሳይንሱ እንዴት ተሳካ በሚል ጥያቄ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ጥራት የሚያመርት ገበሬ ድካሙ የሚቆጠርለት በምን መንገድ ነው የሚለው ጥያቄ ከሳይንሱ እኩል ከባድ ሆኖ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማንኛውም የምግብ ዘይት ጠባይ የሚወሰነው በቅባት አሲዶቹ ነው። ቅባት አሲድ የሚባለው የካርቦን አቶሞች እንደ ሰንሰለት ተያይዘውና በየጎናቸው ሃይድሮጅን ተሸክመው የሚሠሩት ረጅም ሞለኪውል ሲሆን፣ ሦስት ሦስቱ በግሊሰሪን ላይ ሲጣመሩ ዘይት ወይም ስብ ይሆናሉ። በአኩሪ አተር ዘይት ውስጥ አምስት ዋና ዋና ቅባት አሲዶች ይገኛሉ፤ በተለመደው ዝርያ ውስጥ ፓልሚቲክ 11፣ ስቲያሪክ 4፣ ኦሌይክ 23፣ ሊኖሌይክ 54፣ ሊኖሌኒክ 8 በመቶ ገደማ ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ አራቱ እያንዳንዳቸው 18 ካርቦን ያሏቸው እኩል ሰንሰለቶች ናቸው፤ የሚለያቸው ድርብ ትስስር የሚባለው ነገር ብዛት ብቻ ነው። ድርብ ትስስር ማለት ሁለት ጎረቤት ካርቦኖች ሃይድሮጅን ጎድሏቸው እርስ በርሳቸው በእጥፍ የተያያዙበት ቦታ ሲሆን፣ ስቲያሪክ አንድም የለውም፣ ኦሌይክ አንድ፣ ሊኖሌይክ ሁለት፣ ሊኖሌኒክ ሦስት አለው።

ይህ ትንሽ የምትመስል ልዩነት የወጥ ቤቱንም የፋብሪካውንም ዕጣ ትወስናለች። ሰንሰለቱ ድርብ ትስስር ባለበት ቦታ ስለሚታጠፍ፣ የታጠፉ ሰንሰለቶች ተደራርበው መርጋት ያቅታቸዋል፤ ዘይት በብርድ ጊዜ እንኳ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል የምትገኘው ካርቦን ሃይድሮጅኗን አጥብቃ አትይዝም፤ ስለዚህ ሙቀት፣ ብርሃን ወይም የብረት ቅንጣት ሲያግዘው ኦክሲጅን የሚገባው በእርሷ በኩል ነው፤ ኦክሲጅን አንዴ ከገባ ደግሞ ሰንሰለቱ እየተሰባበረ፣ ዘይቱም እየሸተተና እየመረረ ይሄዳል። ኦሌይክ አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ስላለው ይህች ደካማ ስፍራ የለችውም፤ ሊኖሌይክ አንድ፣ ሊኖሌኒክ ሁለት አሏቸው። ስለዚህ ሊኖሌይክ ከኦሌይክ በብዙ እጥፍ፣ ሊኖሌኒክ ደግሞ ከሊኖሌይክ ይበልጥ ፈጥኖ ይበላሻል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ ሁለቱ ቅባት አሲዶች የሚነቀፉት ለጤና መጥፎ ስለሆኑ አለመሆኑ ነው፤ እንዲያውም የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው የማይችልና ከምግብ የግድ ማግኘት ያለበት ቅባት አሲዶች ናቸው። ችግሩ ያለው በመደርደሪያ ላይ ወራት በሚቆየውና በመጥበሻ ውስጥ ደጋግሞ በሚፈላው ዘይት ላይ ነው።

የአሜሪካ አኩሪ አተር ዘይት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ያተረፈው መጥፎ ስም ከዚሁ የመነጨ ነበር። ዘይቱ ተጣርቶ ሲወጣ ንጹሕ ይሆንና፣ ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ የሣር፣ ቀጥሎም የዓሣ ጠረን ያመጣ ነበር። በኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላቦራቶሪ ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ዓመታት ያጠፋ ሲሆን፣ በ1951 ኸርበርት ደተንና ባልደረቦቹ ያደረጉት ሙከራ በቀላልነቱ ዛሬም የሚደነቅ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህ የጠረን ችግር በሌለበት የጥጥ ፍሬ ዘይት ውስጥ ሊኖሌኒክ አሲድን በኬሚካዊ መንገድ አስገብተው ለቀማሾች ሲያቀርቡት፣ ቀማሾቹ የቀረበላቸው የአኩሪ አተር ዘይት ነው ብለው ፈረዱ። ጥፋተኛው ሊኖሌኒክ መሆኑ ከዚህ በኋላ ብዙም አላከራከረም።

ኢንዱስትሪው ግን ጥፋተኛውን ከፍሬው ውስጥ ለማስወጣት አልጠበቀም፤ መድኃኒቱ ቀድሞ በእጁ ነበርና። ጀርመናዊው ኬሚስት ቪልሄልም ኖርማን በ1902 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት፣ ፈሳሽ ዘይት በኒኬል አማካይነት ሃይድሮጅን ሲገባበት ወደ ረጊ ስብ እንደሚለወጥ አሳይቶ ነበር። በድርብ ትስስሮች ላይ የጎደለው ሃይድሮጅን ሲሞላ ኦክሲጅን የሚገባባት ደካማ ስፍራ ትደፈናለች፤ ዘይቱም መጥበሻን የሚችል፣ ብስኩትን የሚያፈረፍር፣ ወራት የሚቆይ ይሆናል። ሥራው እስከ መጨረሻው ሳይዘልቅ መሃል ላይ ሲቆም ግን ሳይሞሉ የቀሩት አንዳንድ ድርብ ትስስሮች ቅርጻቸው ይዞራል፤ ሰንሰለቱ በመታጠፍ ፋንታ ቀጥ ይልና ትራንስ ፋት የተባለው ስብ ይፈጠራል። ትራንስ ፋት በደም ውስጥ ጎጂ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጠቃሚ የሚባለውን ዝቅ የሚያደርግ በመሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 በዓመት እስከ ግማሽ ሚሊዮን ለሚደርስ የልብ ሕመም ሞት ምክንያት እንደሆነ ገምቶ ነበር።

ይህን አስቀድመው ካሳሰቡት ሰዎች አንዱ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፍሬድ ከመሮ ነው። በ1957 በሰው የአካል ክፍሎች ውስጥ ትራንስ ፋት እንደሚጠራቀም የሚያሳይ ጥናት ካሳተመ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሰሚ አጥቶ ቢቆይም፣ በ2009 ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አቤቱታ አቀረበ፤ መልስ ሲዘገይበት በ2013 መሥሪያ ቤቱን ከሰሰ፤ በ2017 በ102 ዓመቱ ሲሞት ድካሙ ፍሬ ማፍራቱን አይቶ ነበር። አስተዳደሩ ከ2006 ጀምሮ የትራንስ ፋት መጠን በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ አስገድዶ፣ በ2015 ደግሞ በከፊል ሃይድሮጅን የገባበት ዘይት ለምግብ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ወስኖ፣ ለአምራቾች እስከ ሰኔ 18 ቀን 2018 ድረስ ጊዜ ሰጠ። የከመሮ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት በኡርባና ከተማ የአሜሪካ መንግሥት የአኩሪ አተር ዘር ባንክም ይገኛል፤ ከ20 ሺህ በላይ ናሙና የያዘ ሲሆን፣ ከስብስቡ አመጣጥ ውስጥ ዶርሴትና ሞርስ የተባሉት አሳሾች ከ1929 እስከ 1931 በጃፓን፣ በኮሪያና በቻይና ተዘዋውረው ያመጧቸው 4,500 ያህል ናሙናዎች ይጠቀሳሉ። የበሽታው ማስጠንቀቂያና የፈውሱ ዘር በአንዲት ከተማ ጎን ለጎን መኖራቸው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሁለቱ በሮች

ተክሉ ቅባት አሲዶችን የሚሠራው በተራ ነው። መጀመሪያ ኦሌይክ ይሠራል፤ ቀጥሎ ፋድ ሁለት የተባለ ኢንዛይም፣ ማለትም ለአንድ ኬሚካዊ ሥራ የተመደበ ፕሮቲን፣ በኦሌይኩ ላይ ሁለተኛ ድርብ ትስስር አኑሮ ሊኖሌይክ ያደርገዋል፤ ፋድ ሦስት የተባለው ደግሞ ሦስተኛ ጨምሮ ሊኖሌኒክ ያደርገዋል። ሥርዓቱ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፉ ሁለት በሮች እንዳሉት ቤት ነው፤ ሁለተኛው በር ቢዘጋ ሊኖሌኒክ ይቀንሳል፣ የመጀመሪያው ቢዘጋ ግን ኦሌይኩ ወደ የትም ሳይሄድ ባለበት ይጠራቀማል።

አዳቃዮቹ የጀመሩት ከሁለተኛው በር ነበር። በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አዳቃዩ ዋልተር ፌርና የዘይት ኬሚስቱ ኧርል ሃመንድ ተቀናጅተው፣ የዘረመል ለውጥ በሚያመጣ ኬሚካል የተነከሩ ዘሮችን ዘርተው ከሚወለዱት መካከል ሊኖሌኒካቸው ዝቅ ያለውን እየለዩ፣ የለዩትንም እርስ በርሱ እያዳቀሉ ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች፣ ማለትም በዚህ መንገድ የተለዩት የዘር ሐረጎች፣ ሊኖሌኒክን በግማሽ ገደማ ሲቀንሱት፣ የተለያዩ የፋድ ሦስት ዘረመሎች ለውጥ በአንድ ተክል ላይ ሲደማመር ግን መጠኑ ወደ 1 በመቶ ወረደ። የትራንስ ፋት መለያ ግዴታ በሆነበት በ2006 ኬኤፍሲ የተባለው የዶሮ ጥብስ ድርጅት በአሜሪካ ወደ ዝቅተኛ ሊኖሌኒክ የአኩሪ አተር ዘይት እንደሚዞር ማስታወቁ፣ አዳቃዮቹ ለዓመታት ያከማቹት ዘር ገበያው በፈለገው ሰዓት ተዘጋጅቶ እንደጠበቀው ያሳያል። ከግማሽ በላይ የሆነው ሊኖሌይክ ግን አሁንም በዘይቱ ውስጥ ስለነበረ፣ ለረጅም ጥብስ ይህ ብቻውን በቂ አልነበረም።

የመጀመሪያው በር ይበልጥ አስቸጋሪ የሆነው በአኩሪ አተር ጥንታዊ ታሪክ ምክንያት ነው። በ2010 የታተመው የአኩሪ አተር ሙሉ ዘረመል ንባብ እንዳረጋገጠው፣ የዚህ ተክል ዘረመል ከ59 ሚሊዮንና ከ13 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተባዝቷል፤ ከዘረመሎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ዛሬም ከአንድ በላይ ቅጂ አላቸው። በፍሬው ውስጥ የሚሠራው የፋድ ሁለት ዘረመልም እንዲሁ መንትያ ነው፤ አንደኛው ቢሰበር ሌላኛው ሥራውን ይሸፍናል። በጃፓን በጨረር የተገኘው ኤም 23 የተባለ መስመር አንደኛው ቅጂ ጎድሎት ኦሌይኩ ወደ 50 በመቶ ገደማ ቢደርስም ከዚያ አልዘለለም፤ በሰሜን ካሮላይና በልማዳዊ ማዳቀል የተገኙት መካከለኛ ኦሌይክ መስመሮችም ፍሬው በሚሞላበት ወቅት አየሩ ሲሞቅ ኦሌይካቸው ከፍ፣ ሲቀዘቅዝ ዝቅ እያለ አንድ ገበሬ የዘንድሮውን ውጤት ለከርሞ ሊተማመንበት የማይችል ሆነ።

መፍትሔው የተገኘው በሚዙሪ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባልደረባ የሆነችው የዘረመል ተመራማሪ ክሪስቲን ቢልዩና የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲው አዳቃይ ግሮቨር ሻነን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ አንደኛው ቅጂ በኬሚካል የተለወጠበትን 17ዲ የተባለ መስመር፣ ሌላኛው ቅጂ ሰው ሳይነካው በተፈጥሮ ተለውጦ ከተገኘበትና በዘር ባንኩ በቁጥር 283327 ከተመዘገበው ናሙና ጋር አዳቀሏቸው። በ2010 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሁለቱም ቅጂዎች ተለውጠው በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ኦሌይኩ ከ20ዎቹ ተነሥቶ ወደ 80 በመቶ ይወጣል፤ ሊኖሌይኩም ከ10 በመቶ በታች ይወርዳል፤ የአየሩ ሙቀት መለዋወጥም እንደቀድሞው ብዙ አያናውጠውም። ተክሉ ራሱ አለመጎዳቱ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያት አለው፤ የቅጠልንና የሥርን ሕዋስ ሽፋን የሚያገለግለው ፋድ ሁለት ሌላ ዘረመል ስለሆነ፣ የተዘጋው በር የፍሬው ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን ትላልቅ ኩባንያዎች በሌላ መንገድ ወደዚሁ ግብ ደርሰዋል። የዱፖንት ኩባንያ ፕሌኒሽ የተባለው ዝርያ መንትዮቹን ዘረመሎች በዘረመል ምሕንድስና ዝም ያሰኘ ሲሆን በ2010 ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ አግኝቷል፤ በሚኒሶታ የነበረው ካሊክስት ደግሞ ዘረመልን በተመረጠ ቦታ የሚቆርጥ መሣሪያ ተጠቅሞ ያመረተውን ዘይት በ2019 ለገበያ አቅርቧል። የሚዙሪው መንገድ ልዩ ዋጋ የሚሰጠው የዘረመል ምሕንድስና ስላልተጠቀመና፣ የሚቀጥለው አዳቃይ ዘሩን ይዞ በራሱ መስክ ሊቀጥለው ስለሚችል ነው።

ከማለዳ እስከ ሰባተኛው ዓመት

የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ማዳቀሉን የሚያካሂድበት አንዱ ጣቢያ ከሚሲሲፒ ወንዝ ብዙም በማይርቀው በፖርቴጅቪል፣ ለጥ ባለ ደለል መሬት ላይ ይገኛል። በሐምሌ ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ሠራተኞች በመደዳዎቹ መካከል ጎንበስ ወይም ቁጢጥ ብለው የሚሠሩት ሥራ ከሁሉ በላይ የዓይንና የጣት ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። የአኩሪ አተር አበባ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ገና ሳይፈካ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ሰው ካልገባበት በቀር ከሌላ ተክል ጋር የሚዳቀለው ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይደለም። ስለዚህ አዳቃዩ በማግስቱ ሊፈካ የደረሰውን እንቡጥ መርጦ፣ በቀጭን ወረንጦ አረንጓዴ ሽፋኑንና ቅጠሎቹን ገፍፎ፣ አሥሩን ወንዴ ዘንጎች ሴቴዋን ሳይነካ አውጥቶ፣ ዕለቱን ከፈካ የሌላ ተክል አበባ ላይ ብናኝ ወስዶ ሴቴዋ ጫፍ ላይ ይቀባል፤ ከዚያም የእናትና የአባት ስም የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ያንጠለጥላል። ብዙዎቹ ደርቀው ይወድቃሉ፤ ከተሳካው አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ፍሬ ይገኛል። ነጭ አበባ ያላትን እናት ሐምራዊ አበባ ካለው አባት ጋር ማዳቀል የተለመደ ሲሆን፣ ሐምራዊው ቀለም ገዢ ስለሆነ ከሚበቅሉት ልጆች ነጭ ያበበው ማዳቀሉ እንዳልተሳካ በግልጽ ይናገራል።

ሒሳቡ የሚከብደው በሁለተኛው ትውልድ ላይ ነው። ከፍተኛ ኦሌይክ የሚያመጡት የዘረመል ለውጦች ከአባትም ከእናትም ካልተወረሱ በቀር የማይገለጡ በመሆናቸው፣ ሁለቱንም በሙሉ የያዘ ተክል ከ16 አንዱ ብቻ ነው፤ ሊኖሌኒክን የሚቀንሱ ሁለት ለውጦች ሲጨመሩ ደግሞ ከ256 አንዱ ይሆናል። ያን አንዱን ለማግኘት ከቀድሞው ዘመን የተረፈ አንድ ብልሃትና ከዘመኑ የመጣ አንድ መሣሪያ አብረው ይሠራሉ። ብልሃቱ በካናዳ በሳስካቱን ዳውኒና ሃርቪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 ለጎመንዘር ዘመዶች ያስተዋወቁት የግማሽ ፍሬ ዘዴ ሲሆን፣ ከአንዲት ፍሬ ቡቃያው ከሚወጣበት ተቃራኒ ወገን ጥቂት ክክ ተቆርጦ በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ቅባት አሲዶችን አንድ በአንድ ለይቶ በሚለካ መሣሪያ፣ ይመረመራል፤ የቀረው ክፍል ይዘራል፣ ይበቅላልም። የዘመኑ መሣሪያ ከቅጠል ላይ በተወሰደች ክብ ቁራጭ ዘረመሉን ማንበብ ሲሆን፣ ለውጡን በግማሽ ብቻ ወርሶ ዘይቱ ላይ ያልገለጠውን ተክል ጭምር ስለሚያሳይ፣ አዳቃዩ አንድ ወቅት ሳይባክንበት ያንኑ ተክል ከምርታማ ዝርያ ጋር መልሶ እንዲያዳቅለው ያስችላል።

መልሶ ማዳቀሉ ግድ የሚሆነው ለውጡን የያዙት የመጀመሪያዎቹ ተክሎች በምርት ደካማ ስለሆኑ ነው። ከባንክ የወጣ የእስያ ናሙና ፍሬውን መሬት ላይ ሊያፈስ፣ ሊጋድም ወይም በሽታ ሊበረታበት ይችላል። ተፈላጊው ዘረመል ብቻ ቀርቶ የተረፈው ሁሉ በምርታማው ዝርያ እስኪተካ ድረስ ትውልድ በትውልድ ላይ ይደራረባል፤ ጊዜ ለማሳጠርም የሰሜኑ ክረምት ሲገባ ዘሩ በአውሮፕላን ወደ ሞቃት አገር ይሄዳል። አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በፖርቶ ሪኮ ኢዛቤላ መስክ ነበረው። ከዚያ በኋላ ደግሞ አኩሪ አተር የሚያብበው በቀንና በሌሊት ርዝመት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ኬክሮስ የሚስማማ ዝርያ ያስፈልጋል፤ ለሚዙሪ ደቡብ የተሠራው ለሚኒሶታ አይሆንም። ከመጀመሪያው ብናኝ እስከ ገበሬው ጆንያ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት የሚፈጀው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

የማይታየው ጥራት ዋጋ

ለዚህ ሥራ ገንዘቡ የመጣው በከፊል ከገበሬዎቹ ራሳቸው መሆኑ ሊነገርለት የሚገባ ነው። በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ አኩሪ አተር አምራች ከሸጠው ዋጋ ግማሽ በመቶ፣ ማለትም ከ100 ዶላር 50 ሳንቲም፣ ለምርምርና ለገበያ ልማት ያዋጣል፤ ከዚህ ግማሹ በግዛቱ ሲቀር ግማሹ ወደ ብሔራዊው የአኩሪ አተር ቦርድ ይሄዳል። የሚዙሪው የዘረመል ጥምረት ሶይሌይክ በሚል የንግድ ስም ለዘር ኩባንያዎች ፈቃድ የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲውና በግዛቱ አኩሪ አተር አምራቾች ድርጅት አማካይነት ነው። ገበሬው ምርምሩን የሚጠባበቅ ተመጽዋች ሳይሆን አሠሪው ነበር ማለት ነው፤ ይህም አዳቃዮቹ ለዘይቱ ጥራት ሲሉ ምርቱን እንዳይሠዉ የሚያስገድድ ጌታ ነበራቸው እንደማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ ዘሩ ተገኘ ማለት ገበያው ተገኘ ማለት አይደለም። ከፍተኛ ኦሌይክ አኩሪ አተር በመልክ፣ በመጠንና በቀለም ከተራው አይለይም፤ ልዩነቱን ለመጠበቅ ገበሬው መዝሪያውን፣ ማጨጃውንና መኪናውን ማጽዳት፣ ለብቻው ማከማቸት፣ ከዚያም ለተወሰነ ጎተራ ብቻ ማስረከብ ይኖርበታል። ቸልታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሒሳቡ ይናገራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 የልብ ሕመምን ስጋት ሊቀንሱ ይችላሉ ተብሎ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍላቸው የፈቀደው ቢያንስ 70 በመቶ ኦሌይክ ላላቸው ዘይቶች ነው። 80 በመቶ ኦሌይክ ካለው ምርት ላይ አንድ አምስተኛው 23 በመቶ ባለው ተራ አኩሪ አተር ቢተካ ድምሩ ወደ 68.6 ይወርዳል፤ አንድ በሚገባ ያልተጠረገ መጋዘን የሰባት ዓመት ማዳቀልን በአንድ ከሰዓት ሊሽረው ይችላል። ለዚህ ጥንቃቄ ጨማቂዎች በየቡሼሉ፣ ማለትም በየ27 ኪሎው ገደማ፣ ከገበያው ዋጋ በላይ ጭማሪ ይከፍላሉ፤ ጭማሪው ሲያንስ ወይም ተረካቢው ጎተራ ሲርቅ ግን ገበሬው ወደ ተራው ዘር መመለሱ የማይቀር ነው፤ ይህንንም ማድረጉ አያስወቅሰውም።

በቅርብ ዓመታት ይህን ሚዛን የለወጠው ከምግብ ቤቶች ይልቅ ከከብት በረት የመጣ ፍላጎት ነው። የወተት ላም ተራ አኩሪ አተር ሲበዛባት በሆዷ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሊኖሌይኩን ወደ ሌሎች ውሁዶች ይለውጡታል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ጡቷ ውስጥ የቅቤ መሠራትን ያዳክማሉ። ኦሌይክ ይህን ጉዳት እምብዛም ስለማያስከትል፣ ተቆልቶ የቀረበው ከፍተኛ ኦሌይክ አኩሪ አተር ለላሟ ጉልበትና ፕሮቲን እየሰጠ የወተቱን ቅባት አያወርድም፤ እንዲያውም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በአሜሪካ የወተት ዋጋ በአብዛኛው በቅባቱም መጠን ጭምር ስለሚሰላ፣ አኩሪ አተሩን አብቅሎ፣ ቆልቶ ለራሱ ላሞች የሚሰጥ ገበሬ የዘሩን ጥራት ዋጋ ከማንም ጎተራ ሳይጠብቅ በየወሩ የወተት ሒሳቡ ላይ ያገኘዋል። አዳቃዮቹ ለመጥበሻ ብለው የዘጉት በር ለቅቤ መከፈቱን ማንም አስቀድሞ አላቀደውም።

የዚህ ታሪክ ኬሚስትሪ ለኢትዮጵያ ማዕድ የራቀ አይደለም። ከውጭ የሚገባው ዘይት በአብዛኛው የፓልም ዘይት ሲሆን፣ በሕዝቡ ዘንድ የሚረጋ ዘይት የሚባለው ሃይድሮጅን ስለገባበት ሳይሆን፣ ስሙን ከፓልም የወሰደው ፓልሚቲክ አሲድ 40 በመቶ አልፎ ስለሚገኝበት ነው። የደጋው ኑግ ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ዘይቱ ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሌይክ ስለሆነ ጣዕሙ ቢወደድም ለረጅም ማከማቻ አይመችም። የጎመንዘር ዘይት ደግሞ ኢሩሲክ የተባለና በምግብ ላይ እንዲበዛ የማይፈለግ ቅባት አሲድ 40 በመቶ ገደማ ይይዛል። ጌትነት ዓለማው የተባሉት ኢትዮጵያዊ አዳቃይ ጎመንዘርን ኢሩሲክ ከሌለው የሰናፍጭ ዘመድ ጋር አዳቅለው፣ ኢሩሲክ አልባ ጎመንዘር ማስገኘታቸውን በ1994 ከሳስካቱን ተመራማሪዎች ጋር ያሳተሙ ሲሆን፣ ከአብሮ ጸሐፊዎቹ አንዱ የግማሽ ፍሬውን ዘዴ ያስተዋወቀው ያው ዳውኒ ነበር።

በአኩሪ አተር ረገድ በፓዌ፣ በጅማ፣ በባኮና በሐዋሳ የሚገኙት የምርምር ማዕከላት እስካሁን ያተኮሩት በዋናነት በምርት መጠን፣ በአደራረስና በበሽታ መቋቋም ላይ ነው፤ ይህም ለጀማሪ ሰብል ተገቢው ቅደም ተከተል ነበር። ከተለመዱት ዝርያዎች አንዱ የሆነው ክላርክ 63ኬ ራሱ ከአሜሪካ የመጣ መሆኑ፣ ዘሩና ዕውቀቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ መሥራት እንደሚችል ያሳያል። የኦሌይክ ዘረመሎቹ ማንነት በታተመ ጥናት ላይ ይገኛል፤ ከፓዌ-3 ዓይነት ዝርያ ጋር ለማዳቀል የሚያስፈልገው ወረንጦ፣ የቅጠል ምርመራና ከ16 አንዱን የሚጠብቅ ትዕግሥት ነው፤ ፍሬው የሚሞላው በቆላው ሙቀት መሆኑም ለኦሌይክ የሚያግዝ እንጂ የሚያደናቅፍ አይደለም። የሚከብደው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ጎተራዎች ብርሃን በፍሬው ላይ ልኮ ኦሌይኩን በደቂቃዎች የሚገምት መሣሪያ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ደጃፍ ሁለት ገበሬዎች ጆንያቸውን ጎን ለጎን ሲያወርዱ፣ የአንዱ ዘይት 80፣ የሌላው 23 በመቶ ኦሌይክ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ በሌለበት ሚዛኑ ለሁለቱም የሚያነበው ያንኑ ኪሎ ነው።